ጣሳ ውስጥ የቆመ አልጋ

እናታችን ግማሽ ጎኗ ሰንፎ አንደበቷ ከተያዘ ወዲህ አልጋዋ የቆመው አራት ጣሳ ውስጥ ነው። በየጣሳው የተቃጠለ የመኪና ዘይት አለ። አልጋው ከግድግዳው ክንድ ያህል ተስቦ ነው የተቀመጠው፤ ብርድ ልብሱም ወደ መሬት እንዳይንጠለጠል ዙሪያውን ፍራሹ ስር ይጠቀጠቃል። ለምን እንደሆነ በግልጽ ልናገር፣ ነገር ማድበስበስ አልወድም። ጉንዳን ሲዘምት መሸሽ የሚችለው ይሸሻል፣ መሸሽ የማይችለው ይበላል። እማዬ መሸሽ አትችልም።

ይህንን ያስተማረችን ራሷ ናት፣ ደህና በነበረችበት ጊዜ። ዕድሜ ልኳን ከጓሮዋ ስላልተለየች ጉንዳን ለእሷ እንደ ጎረቤት ነው፤ አመሉን ታውቃለች፣ ለየዓይነቱም ስም አውጥታለታለች። ስኳር ዕቃ ውስጥ የሚርመሰመሱት ደቃቅ ቁጫጮች «ሌቦቹ» ናቸው። እነሱ ሰው ያናድዳሉ እንጂ አይጎዱም፤ ክዳን ከጠበቀባቸው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳሉ። እርጥብ የበር እንጨት ቦርቡረው ዱቄት የመሰለ ብናኝ የሚያፈሱት ትልልቆቹ «አናጢዎቹ» ናቸው፤ የጓዳችንን በር መቃን የጨረሱት እነሱ ናቸው። ጎመኑ ላይ የሚመላለሱት ጥቁሮቹ ደግሞ «እረኞቹ»። ክሽክሽ የሚባል የጎመን ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ አለ፤ ጥቁሮቹ ይህን ክሽክሽ እንደ ከብት ይጠብቁታል፣ ከሆዱ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ያልቡታል፣ ሊበላው የመጣውን ሁሉ ያባርራሉ። «ክሽክሹን ብቻ አትርገሚ፣» ትለኝ ነበር አመድ እየነሰነሰች፣ «ያደለበው ማን ሆነና!»

ስለ አራተኞቹ ስታወራ ግን ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። «ዘማቾቹ» ትላቸዋለች። ዝናብ ሲበረታ ከመሬት ወጥተው በሰልፍ የሚሄዱት፣ ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆነው። ልጅ ሳለች እናቷ ዶሮዎቹን ቤታቸው ውስጥ ዘግታባቸው ወደ ጉዳይ ሄደች። ስትመለስ ውስጥ የጠበቃት ላባና አጥንት ነበር። አምልጣ ውጭ የቀረችው አንዲት ዶሮ ግን ዛፍ ላይ ወጥታ ምንም አልሆነችም። «ዘማቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ሌላው ሁሉ ቤቱን ይለቃል፤ በረሮው፣ ሸረሪቱ፣ ፌንጣው። እነዚህ በቀን ሲሰደዱ ካየሽ የታሰረውን ፍቺ፣ የተዘጋውን ክፈቺ፣» ትል ነበር። እኛ በልጅነታችን እንደ ተረት ሰምተን ስቀን አለፍን።

ታላቅ እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሜትሩ ከአንገቷ ስለማይወርድ ሰፈሩ «ሜትር» ነው የሚላት። እኔ «እትዬ» እላታለሁ፤ ሜትር ብያት እንደሁ በዚያው በሜትሩ ነው የምትገርፈኝ። ቀጥ ያለ ነገር ነፍሷ ነው። ጠርዙ የተንጋደደ መጋረጃ ካየች፣ ሰው ቤት በእንግድነት ብትሄድም፣ ተነስታ ካላስተካከለችው ቁጭ አትልም። ይሄ አመል ከማን እንደመጣ እናውቃለን። መርፌ ያስያዘቻት እማዬ ናት። እትዬ ትንሽ ልጅ ሆና የሰፋችውን ይዛላት ስትሄድ እማዬ ጎበዝም፣ ሰነፍም አትልም፤ ጨርቁን ገልብጣ ታያለች፣ ከደረቷ ላይ ስፒል ትነቅላለች፣ ክሩን እስከ ጠመመበት ቦታ ድረስ አንድ በአንድ ትፈታዋለች፣ ትመልስላታለች። እትዬ ጥግ ይዛ ስታለቅስ ትዝ ይለኛል። ካለቀሰች በኋላ ግን እንደገና ትሰፋለች።

እማዬ ከወደቀች ጀምሮ እትዬ የስፌት መኪናዋን እሷ ክፍል አስገብታ እዚያው ትሠራለች፣ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ። ደንበኞቿም ጨርቅ የሚመርጡት እዚያው እማዬ አልጋ አጠገብ ነው። እህቴ ክፋት የሚባል አልፈጠረባትም። ጉዷ ይሉኝታዋ ነው።

ይሉኝታዋን የቀሰቀሰችባት ባለፋርማሲዋ ናት፤ ትልቅ ቤት ሠርታ ለመስኮቶቿ በሙሉ መጋረጃ ያዘዘች ሴትዮ። ጨርቅ ልትመርጥ መጥታ ዓይኗ አልጋው እግር ላይ ተተከለ።

«ውይ! ይሄ ዘይት ያለበት ጣሳ ምን ይሠራል? ቤታችሁ ተባይ አለው እንዴ? ጨርቄንም እዚሁ ነው የምታሳድሪው?»

«ኧረ በፍጹም! እንዲያው ለጥንቃቄ ነው፣» አለች እትዬ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል። እኔ መልሷን ልሰጣት አፌን ስከፍት በጫማዋ ረገጠችኝ።

ሴትዮዋ እንደወጣች እትዬ መቀሷን አነሳች። ከትልልቅ ሥራዎች የተረፈ ውድ ውድ ቁርጥራጭ ነበራት፤ ያንን ገጣጥማ፣ አበባ ጠልፋበት፣ እስከ መሬት የሚደርስ አልጋ ልብስ ሰፋች። ሐቁን ለመናገር እጅግ ያምር ነበር። ግድግዳ በኩል ያለውን ሰው ስለማያየው ፍራሹ ስር ጠቀጠቀችው፤ ከፊትና ከግርጌ ግን መሬት እስኪነካ ለቀቀችው። ጣሳዎቹ ድራሻቸው ጠፋ።

«ይኸው እማዬ፣ እንደ ንግሥት!» አለች ወደ ኋላ ራቅ ብላ እያየች።

እማዬ የምታየው አበባውን አልነበረም። ጨርቁ መሬቱን የነካበትን ቦታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የአልጋ ልብሱ ጠርዝ ተሰብስቦ እማዬ ደረት ላይ ተከምሮ ተገኘ። በደህናው ግራ እጇ ጎትታው ነው። እትዬ መለሰችው። ሻይ አፍልታ ስትመጣ እንደገና ተጎትቷል። መለሰችው። እንደገና። እናትና ልጅ ሲጓተቱ ከረሙ፤ አንዷ ታወርዳለች፣ አንዷ ትሰበስባለች። እማዬ በመሃሉ ጣቷን ወደ መሬት ትቀስርና «እእ! እእ!» ትላለች። ጣቷ ወደ መሬት ሲቀሰር እኛ የምናውቀው ትርጉም አንድ ብቻ ነው፣ ፖፖ። እናቀርብላታለን። በእጇ ጀርባ ትመታዋለች። ወይ ጣጣ እያልን እንመልሰዋለን።

እትዬ አንጀቷ አረረ። ጓዳ ገብታ፣ «ሥራዬን ናቀችው፣» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰፋ አንድ ቀን ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። አሁን ደግሞ ለእሷ ብዬ ዓይኔ እስኪጠፋ የሰፋሁትን እንደ ወለል ጨርቅ ትጨማድደዋለች!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«በሽታው ጭንቅላቷን ነክቷት ይሆናል እትዬ፣ እሷ እኮ አይደለችም፣» አልኳት ላጽናናት ብዬ።

«አይደለም። የምታደርገውን አሳምራ ታውቃለች፣» አለች። እዚህ ላይ ልክ ነበረች። ምክንያቱን ነው የሳተችው።

መጋረጃ ሰፊዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ጨርቁ ንፋስ እንዳያወዛውዘው፣ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ጠርዙ ውስጥ ክብደት ያስገባሉ። እትዬ የምትጠቀመው ሮንዴላ ነው፣ መካኒኮች ከብሎን ጋር የሚያስሩት መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት። አጥራችን ማዶ ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን ነው የሚሰጣት። እጁ ጠርቶ ስለማያውቅ «ጋሽ ግሪስ» እንለዋለን፤ የጣሳዎቹ ዘይትም ከእሱ ነው። እትዬ ከጋሽ ግሪስ ሮንዴላ በሽርጧ ይዛ መጣችና የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሞላችው። በድርብ ክር ሰፋችው። እማዬ በአንድ እጇ ብትጎትተው ንቅንቅ አልልም አለ።

ብዙ ሞከረች። ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ሞከረች። ከዚያ ተወችው። ከዚያን ቀን በኋላ ዝም ብላ ተኝታ የጠርዙን ጫፍ በጣቶቿ ትዳስስ ጀመር።

«አየሽ?» አለችኝ እትዬ ፊቷ በርቶ። «ለመደችው! እንዲያውም እየደባበሰችው ነው፣ ወዳዋለች!»

እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ዋጋ አለው። በዚያው ሰሞን እትዬ ስፒል እየጠፋባት ከእኔ ጋር ጭቅጭቅ ሆነ። «የአንቺ እጅ ከዕቃዬ ላይ መቼ ነው የሚነሳው?» ትለኛለች። «ስፒልሽን ልበላው ነው እንዴ? በቃ እሾህ ነገር ነሽ!» እላታለሁ። ከእኛ ጭቅጭቅ ጀርባ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ትተኛለች።

ዝናቡ ከበረታ በኋላ የባለፋርማሲዋ መጋረጃ የሚሰቀልበት ቀን ደረሰ። ዘወትር አንዳችን ከእማዬ ጋር እንቀራለን። የዚያን ቀን ግን መስኮቱ ረጅም፣ መጋረጃው ከባድ፤ አንዱ መሰላል ላይ ካልወጣ፣ አንዱ ከታች ካልደገፈ አይሆንም። «ሰቅለን ወዲያው እንመለሳለን፣» ተባብለን ቆረጥን።

ልንወጣ ስንል እማዬ የእትዬን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች፤ ከዚያ ወደ መሬት፤ እንደገና ወደ ግድግዳው። ግድግዳው ላይ አንድ ሁለት ጭንቅላታም ጉንዳኖች ይንከራተታሉ። እትዬ በጫማዋ ጨፈለቀቻቸው። ፖፖ አቀረበች፣ እማዬ መታችው። ቀሚሷን አልለቅ ብትላት ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። «አሁን እንመጣለን የኔ እናት፣ አሁን፣» አለቻት ግንባሯን ስማ። በሩን ዘጋነው። ከውስጥ «እእ! እእ!» የሚለው ድምፅ ግቢው በር ድረስ ተከተለን።

ግቢው በር ላይ ከቱቦው በረሮዎች ሲወጡ አየሁ። በቀን ብርሃን፣ በእግራችን መሃል፣ ወደ መንገዱ ይሮጣሉ። አንድ ፌንጣ ጫማዬ ላይ ዘለለ። «ይሄ ዝናብ ጉዱን ሁሉ አወጣው፣» አልኩና ሸክሜን በትከሻዬ አስተካክዬ ሄድኩ።

ባለፋርማሲዋ ቤት መሰላሉ ላይ ወጥቼ፣ ስፒል በጥርሴ ነክሼ፣ መጋረጃውን ከዘንጉ ላይ አያይዛለሁ። ሴትዮዋ ከታች «ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!» ትለኛለች። እትዬ ተንበርክካ ጠርዙን በመዳፏ እየሄደችበት ሮንዴላዎቹ ቦታቸውን መያዛቸውን ታያለች። በመሃሉ ከጣሪያው ጥግ አንዲት ሸረሪት በክሯ ወረደች። ሴትዮዋ ጮኸች፣ መጥረጊያ አነሳች፣ ሸረሪቷ በግድግዳው ላይ እግሬ አውጪኝ አለች። እኔ እሷን በዓይኔ ስከተል የእማዬ ድምፅ፣ ያ የድሮው፣ ዝቅ ያለው ድምፅዋ መጣብኝ። በረሮው፣ ሸረሪቱ፣ ፌንጣው።

ስፒሎቹ ከአፌ ተበተኑ።

«እትዬ! ዘማቾቹ! በረሮዎቹ ሲሰደዱ አይቻለሁ፣ በራችን ላይ፣ ፌንጣውም!»

«ጣሳዎቹ አሉ እኮ፣» አለች ቀና ብላ። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ጠርዝ አየችው። ቀጥ ያለ፣ የከበደ፣ መሬቱን የነካ። ደሙ ከፊቷ ሲሸሽ ከላይ ሆኜ አየሁት።

«መሰላል ነው የሰፋሁላቸው፣» አለች።

ያንን መንገድ እንዴት እንደሄድነው እንጃ። ከኋላችን ሴትዮዋ «መጋረጃዬስ?» ስትል ሰምቻለሁ። ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ጭቃ እየረጨብን ያልፋል። የእትዬ አንድ እግር ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ዞር ብላ አላየችውም። ሌላውን ራሷ አውልቃ ጣለችው። «ስትነግረኝ ነበር፣ ስትነግረኝ ነበር፣» እያለች ነው የምትሮጠው። እኔ የማስበው ስለ ዶሮዎቹ ብቻ ነበር። አእምሮዬን ወደ ሌላ ነገር ልመልሰው ብል እምቢ አለኝ። ላባና አጥንት፣ ላባና አጥንት ይለኛል።

ግቢ ስንገባ ከጎመኑ መደብ እስከ ቤቱ ደፍ ድረስ ጥቁር ሰልፍ ይፈሳል። ስፋቱ እንደ መንገድ ነው፣ በበሩ ስንጥቅ ስር እየተሽሎከሎከ ይገባል። «ጋሽ ግሪስ! ኧረ ጋሽ ግሪስ ይድረሱልን!» ብዬ አጥሩን ደበደብኩ። እትዬ ማንንም አልጠበቀችም። በሩን ገፍታ በባዶ እግሯ ገባች።

ወለሉ ይንቀሳቀሳል። ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። ድምፅም አለው፣ ደረቅ ቅጠል ቀስ ተብሎ ሲረገጥ የሚሰማ ዓይነት። መጀመሪያ ያየሁት ጣሳዎቹን ነው፣ አይቻቸውም ግራ ገባኝ፤ መታየት አልነበረባቸውማ። የፊት ለፊቱ አልጋ ልብስ ወደ ላይ ተነስቷል። እማዬ ሰብስባ ደረቷ ላይ ከምራዋለች፣ ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች፣ ግራ እጇ አሁንም ይጎትታል። ጣሳዎቹን ጉንዳን ከቧቸዋል፤ ዘይቱ ላይ የሞተው ተንሳፍፏል፣ የቀረው ዙሪያውን ይንቀዠቀዣል፣ መውጫ አላገኘም።

ከግርጌ በኩል ያለው ጥግ ግን መሬት ነክቶ ነበር። እዚያ እጇ አይደርስም። በዚያች ጥግ፣ በተጠለፈው አበባ ላይ፣ ገመድ የመሰለ ጥቁር መስመር ሽቅብ ይወጣል። የማይንቀሳቀሰው ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጥቁር ለብሷል። በግራ እግሯ ትረግጠዋለች፣ ትረግጠዋለች፣ ትረግጠዋለች።

እትዬ ያንን ጥግ በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው፣ ግድግዳ በኩል ያለውንም ከፍራሹ ስር መዘዘችው። እማዬ ግን ጥርሷን አልለቅ አለች።

«ልቀቂው እማዬ! እኔ ነኝ፣ ያዝኩት፣ ልቀቂው!»

የእማዬ ዓይን እትዬ ፊት ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ ለቀቀችው። እትዬ አልጋ ልብሱን ጠቅልላ በመስኮት ወረወረችው። ጋሽ ግሪስ በቦት ጫማው ዘሎ ገባ፤ አንሶላውን በየጫፉ ይዘን፣ ጣሳውን፣ ወንበሩን እየረጋገጥን በረንዳ አወጣናት።

ጉንዳኑን ከእግሯ ላይ እንለቅም ገባን። ሲጎትቱት ገላው ይበጠሳል፣ ጭንቅላቱ ሥጋ እንደነከሰ ይቀራል። እትዬ የራሷ እግር ደም በደም ሆኖ እሱን አላየችውም። እማዬም በደህናው እጇ ከእኛ ጋር ትለቅማለች። ጋሽ ግሪስ እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጥቦ መጥቶ ተንበረከከ። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ሮጦም የሰፈሩን ነርስ አመጣ። ነርሷ ቁስሉን አጥባ፣ መርፌ ወግታ፣ «ያብጣል፣ ያማታል፣ ግን አይዟችሁ፣ ትተርፋለች፣» ስትል እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ዘማቾቹ ወደ ማምሻው ለቀው ሄዱ። ቤቱን ጥርግርግ አድርገውታል፤ በረሮ የለ፣ አይጥ የለ፣ «ሌቦቹ» እንኳ ከስኳር ዕቃው ጠፍተዋል። እንዲህ የሚያጸዳ ሠራተኛ ተፈልጎም አይገኝ፣ ብቻ ዳግመኛ አያምጣብን።

አልጋዋን እንደገና ልናነጥፍ ትራሱን ሳነሳ አንድ ብረት ነገር ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሮንዴላ። ትራሱ ስር ሌላም አለ፣ በፍራሹና በራስጌው መሃል ሙሉ ክምር። ከመሃሉ የእትዬ ስፒሎች፣ አብዛኞቹ ተጣመዋል።

እትዬ ወጥታ ጭቃ ላይ የወደቀውን አልጋ ልብስ አመጣች፤ ጠርዙን እንደ ልማዷ በመዳፏ ሄደችበት። ድርብ ስፌቷ አንድ በአንድ ተፈትቷል። ጨርቁ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። እማዬ ጠርዙን ቁራጭ ቁራጭ እያነሳች፣ በጥርሷ ይዛ፣ በአንድ እጇ ክሩን በስፒል እየፈታች፣ ብረቱን እያወጣች ነበር የከረመችው፣ እኛ ወደደችው ስንል። እጇ እስከሚደርስበት ድረስ አንድም ስፌት አልቀረም። እጇ ከማይደርስበት ጀምሮ የእትዬ ስፌት ቀጥ ብሎ ይቀጥላል።

«እስከ ጠመመበት ድረስ ነው የምትፈታው፣» አለች እትዬ። «ሁልጊዜ።» ከዚያ ፊቷን ጭቃው ጨርቅ ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች። ማባበል አላውቅበትም፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስፒሎቹን ለቀምኩላት።

ጠዋት እማዬ ስትነቃ እግሯ አብጦ እንደ ትራስ ሆኗል። ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ጣቷን ወደ መሬት ቀሰረች። «እእ! እእ!»

እኔ እንደ ልማዴ ፖፖ አነሳሁ።

«አስቀምጪው፣» አለች እትዬ።

ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠች። የቆሰለ እግሯን እያመማት ተንበረከከች፣ ጉንጯን ከወለሉ አስጠግታ በእማዬ ጣት አቅጣጫ አልጋው ስር አየች። የግርጌው ጣሳ፣ ትናንት በግርግሩ ስንረጋግጠው፣ ጎኑ ተሰንጥቆ ዘይቱ አልቋል። የአልጋው እግር ደረቅ ላይ ቆሟል።

«የግርጌው ነው እማዬ፣» አለች ከታች እንዳለች። «አየሁት። ስንጥቅ ነው፣ አየሁት።»

እማዬ ጣቷን አጠፈች። እጇን ዝቅ አድርጋ እትዬ ራስ ላይ አሳረፈችው፣ እዚያውም ተወችው። እኔ አዲስ ጣሳ ልጠይቅ ወደ ጋሽ ግሪስ ሄድኩ።